አባዬ በመዳፉ የሚቀምሰው ጠጅ

ለወንድሜ ለሚሳኤል ደምሰው፤ ካለህበት ኢስታንቡል ይድረስህ።

ወንድሜ ሚሳኤል፣ እንዴት ሰነበትክልኝ? ጤናህስ? ወገብህን የያዘህ ነገር ለቀቀህ ወይስ አሁንም እንደ ሽማግሌ ጎንበስ ብለህ ነው የምትሄደው? ሜሪ እንዴት ናት? ትንሿ ያኤልስ፣ ጥርስ አበቀለች? የሜሪ እናት እግራቸውን ተሻላቸው? የዚያ አገር ብርድ ጸባዩ እንዴት ነው? ባለፈው በላክኸው ፎቶ በረዶ ላይ ቆመህ አፍንጫህ ቲማቲም መስሎ ሳይህ መጀመሪያ ስቄብህ፣ በኋላ አዘንኩልህ። እኔ ለእግዚአብሔር ምስጋና ይግባውና ደህና ነኝ። ግቢው ደህና ነው፣ ውሻው ያለ ምክንያት ይጮሃል፣ የላፍቶ አቧራም እንደተውከው ነው። ሁላችንም ደህና ነን ብዬ መስመሩን ልዘጋው ነበር፤ እጄ እምቢ አለኝ። አባዬ ደህና አይደለም።

በዚህ ዘመን ማን ደብዳቤ ይጽፋል ብለህ ሳትስቅብኝ አትቀርም። ሳቅ፤ ግን ቁጭ ብለህ አንብበው። ባለፈው በቴሌግራም አባዬን ዓይኑን እያመመው ነው ብዬ ብጽፍልህ፣ መነጽር ይግዛ ብለህ አውራ ጣት ላክህልኝ። አውራ ጣቱን ምን ላድርገው? ስደውልልህ ደግሞ አባዬ አጠገቤ ነው፤ ስልኩን ከጆሮዬ ላይ ይወስድና ሁሉ አማን ነው፣ ቤቱ ሞልቷል ይልሃል፤ አንተም ደስ ብሎህ ትዘጋለህ። ስለዚህ የጎረቤታችን ልጅ፣ ምስጢር፣ ነገ ልብስ ልታመጣ ወደ እናንተ ስለምትበር፣ በገዛ እጇ እንድታደርስልህ፣ አንተም አንብበህ እስክትጨርሰው ከፊትህ እንዳትነሳ አስምዬ ልኬያታለሁ።

ነገሩን ከሥሩ ልጀምርልህ። አንተ ስትሄድ የነበረውን ጠጅ ቤታችንን ታስታውሳለህ፤ ከመኖሪያችን ጀርባ፣ ጭቃ ግድግዳ፣ ረጃጅም አግዳሚ ወንበሮች፣ ክረምት በመጣ ቁጥር የሚያፈስ ቆርቆሮ። የሚኒባስ ሹፌሩ፣ ግንበኛው፣ ጡረተኛው፣ ከለቡ በኩል የሚመጡት እርሻቸው ላይ ኮንዶሚኒየም የበቀለባቸው ገበሬዎች፣ ሁሉም ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግተው ይቀመጡ ነበር። ቦታ ጠበበኝ ብሎ ያኮረፈ ሰው አላስታውስም። እማዬ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ካረፈች ወዲህ ጠጁን የሚጥሉልን እትዬ ገዲሴ ናቸው። ማሩን ከዘመዶቻቸው ቀፎ ያመጣሉ፣ ጌሾውን ራሳቸው ያዘጋጃሉ፣ ጋኑን ራሳቸው ያጥናሉ፤ እኔን እንኳ ክዳኑን አያስነኩኝም። እኔ ጓዳ ዱለትና ጥብስ ላይ ነኝ። አባዬ ያሳልፋል።

የአባዬን ቅምሻ መቼም አትረሳውም። ብርሌውን እንግዳው ፊት ከማስቀመጡ በፊት በግራ መዳፉ ላይ ጠብ ያደርግና ፉት ይላል። ከአባቱ የወረሰው ነው፤ መጠጥ የሚያቀርብ ሰው መጀመሪያ ራሱ ይቀምሳል፣ ክፉ ነገር ካለበት በእኔ ይውጣ ማለቱ ነው። ለሰካራሙም ለዳኛውም ያው ነው፤ ብርሌ በተቀየረ ቁጥር ይቀምሳል። ራሱ ጠጪ አለመሆኑን ታውቃለህ። በዓል ሲሆን እንኳ ከአንድ ብርሌ አያልፍም። ነገር ግን ቀኑን ሙሉ በመዳፉ ሲቀምስ ይውላል፣ ሰው በበዛ ቁጥርም ቅምሻው ይበዛል። ይህን ያዝልኝ።

ሰው እንዲበዛ ያደረግኸው አንተ ነህ፤ ልወቅስህ ግን አይደለም። የምትሠራበት የጉዞ ቢሮ በአዲስ አበባ የሚያልፉ መንገደኞች ከሆቴል ውጪ ያለውን ከተማ ይዩ ሲል፣ የአገሬው ሰው የሚበላበትና የሚጠጣበት ቦታ ብለህ የአባትህን ቤት ኢንተርኔት ላይ አወጣኸው። አባዬ ያን ቀን የገዛ ፎቶውን ስልክ ላይ አይቶ ሲሽኮረመም ማየት ነበረብህ። አስጎብኚው ኤልያቄም መጀመሪያ ሁለት ሦስት ሰው እየያዘ ይመጣ ነበር። አልዋሽህም፣ ደስ ይል ነበር። አንድ ረጅም ፈረንጅ ከሚኒባስ ረዳቶች መሃል ተጨናንቆ፣ ዱለት በሚጥሚጣ ሲያጎርሱት እንባው እየወረደ እንደገና አፉን ሲከፍት፣ ሰው በሳቅ ሊሞት ነበር። አባዬም የሰንበት ኮቱን በአዘቦት ቀን መልበስ ጀመረ። ልጄ የላካቸው እንግዶች ናቸው እያለ እስከ ግቢው በር ወጥቶ ይቀበላቸዋል። እንዲህ ደስ ብሎት ያየሁት እማዬ በሕይወት ሳለች ነው።

ከዚያ በዙ። ጠጅ ደግሞ ዛሬ ተጥሎ ነገ አይጠጣም፣ ጊዜውን ይፈልጋል። እትዬ ገዲሴ የጣሉት ሳይደርስ የደረሰው እያለቀ ተቸገርን። አባዬ የመጣን እንግዳ አልቋል ብሎ ከሚመልስ ሞቱን ይመርጣል። በዚህ መሃል አንድ ሰው ቢጫ ጄሪካን ተሸክሞ መጣ። ስሙን እስከ ዛሬ አላውቅም፤ የመጣበትንም ስጠይቀው ፊቱን አዙሮ ከአባዬ ጋር ወሬውን ቀጠለ። አረቄ ነው ይላል። ሲያዩት ውሃ ነው። ገና ባልፈላ ብርዝ ላይ ሲጨምሩበት ማሩ ቀለሙን ይሰጠዋል፣ እሱ ደግሞ ኃይሉን፤ በማግስቱ ጠጅ ነው ተብሎ ይቀዳል። አባዬ ለዚች ቅዳሜ ብቻ ነው ብሎኝ ነበር። ቅዳሜዋ አላልቅ አለች።

እትዬ ገዲሴ ጄሪካኑን ከፍተው አሸተቱትና ክዳኑን መልሰው ገጠሙት። አልጮኹም፣ አልተሳደቡም። ነጠላቸውን አጣፍተው አባዬን፣ «ደምሰው፣ ይሄ በገባበት ጋን ውስጥ እጄን አልከትም» አሉት። አባዬ ነገሩን በሳቅ ሊያልፈው ሞከረ። እማዬ ስትሞት እንኳ ሐዘን ተቀምጠው ሥራችንን ያላቋረጡብን ሴትዮ ያን ዕለት እንደወጡ ቀሩ። ለቡ መብራት ኃይል ድረስ ሄጄ ብለምናቸው፣ ምሳ አብልተው፣ ጉልበቴን በእጃቸው መታ መታ እያደረጉ፣ አባትሽን አስጥዪው ብለው ሸኙኝ። መንገዱን ሁሉ ታክሲ ውስጥ ሳለቅስ መጣሁ፤ ለምን እንደማለቅስ ግን ያኔ በደንብ አላወቅሁትም።

ከዚያ ወዲህ ደንበኞቻችን አንድ በአንድ ጠፉ። ማንም ፊት ለፊት ምንም አላለም። ሹፌሮቹ ጨጓራችን ነው አሉ፣ ግንበኞቹ ሥራ ራቀብን አሉ። አንድ ቀን ወደ ብስራተ ገብርኤል ስሄድ ሁሉንም ሌላ ቤት በር ላይ ተኮልኩለው አገኘኋቸው። አይተው እንዳላየ ሆኑ። ድሮ ውዳሴ፣ ጥብሱን አሳርሪው እያሉ የሚጮሁብኝ ሰዎች እኮ ናቸው! ሰላም ሊሉኝ አፈሩ። ልቤ ያኔ ነው ክፉ ነገር ያሰበው።

የእኛ ቤት በር ላይ ኤልያቄም በፈረንጅ ፊደል ያጻፈው ሰሌዳ አለ፤ የአገሬው ሰው የሚጠጣበት ቤት ይላል። ውስጥ ሲገባ ግን ያለው ፈረንጅ ብቻ ሆነ። እነሱም ሞኞች አይደሉም፣ የአገሬው ሰው የታለ ብለው መጠየቅ ጀመሩ። ኤልያቄም አባዬን ወደ ጥግ ወስዶ፣ እባክህ ጋሼ፣ የሰፈር ሰው በነጻ እየጋበዝክ አስቀምጥልኝ አለው። አባዬም እሺ አለ። ከተጋበዙት ውስጥ የቆዩት ጋሽ ሲራክ ብቻ ናቸው። ታስታውሳቸዋለህ፣ መካኒክ የነበሩት፣ ብስክሌትህን እየሰበርክ የምትወስድላቸው። ሚስታቸው ካረፉ ወዲህ ቤት መዋል አስጠልቷቸዋል። በሩ አጠገብ ይቀመጣሉ፣ ፈረንጅ ሲገባ ብርሌያቸውን ከፍ አድርገው ሰላም ይላሉ፣ አብረው ፎቶ ይነሳሉ። የአገሬው ሰው ማለት እንግዲህ እሳቸው ሆኑ። የእሳቸው ብርሌ ጎደለ ብሎ አባዬ ሌላ ሲያመጣላቸው፣ እንደ ደንቡ ቀምሶ ነው።

የአባዬ ነገር በአምፖል ጀመረ። ቤቱ ጨለመብኝ፣ አምፖሉን ቀይሪው አለኝ። ቀየርኩት። አሁንም ጨለማ ነው አለ። ከዚያ የሚበልጥ አምጥቼ ሰቀልኩ፤ የእኔን ዓይን ሲወጋኝ እሱ የዛሬ አምፖል ምን አምፖል ነው ብሎ አማረረ። ለታህሳስ ገብርኤል ይዤው ስሄድ፣ ጠራራ ፀሐይ ላይ፣ ዛሬ ጭጋጉ አይጣል ነው አለኝ። ቀና ብዬ ሰማዩን አየሁት። ምንም የለም። ክንዱን ይዤ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ መራሁት። ቅጽሩ ውስጥ የክርስትና ልጁ መጥቶ እጁን ሲስመው፣ ልጁ እስኪናገር ድረስ ፈገግ ብሎ ዝም አለ። በድምፁ ነው የለየው። ሰው እንዳያውቅበት እየተጠነቀቀ ነበር።

ለጥምቀት ደግሞ ቤቱ ጢም ብሎ ሞላ። አባዬ መሃል ላይ ቆሞ ብርሌውን አዘነበለና መዳፉን ሳተው። ጠጁ በእጅጌው ወርዶ ክርኑ ድረስ አራሰው። እንግዶቹ የባህሉ አካል መስሏቸው አጨበጨቡ። ኤልያቄም ለቪዲዮ ይሆናል፣ ጋሼ ድገመው አለ። ደገመው። ያኔም ሳተ። እኔ የጓዳው በር ላይ የዱለት ሳህን ይዤ ቆሜ ነበር፤ ሳህኑን የት እንዳስቀመጥኩት አላውቅም። በዚያው ሰሞን አንዲት እንግዳ ግቢ ወጥታ ግድግዳ ተደግፋ ስታስታውክ፣ ኤልያቄም የአዲስ አበባ ከፍታ ነው፣ ያልለመደ ሰው እንዲህ ያደርገዋል አለ። እኔም ይሁን ብዬ ውሃ ሰጠኋት፣ ጀርባዋን አሸሁላት። አመስግናኝ ሄደች። ምን ሆና እንዳደረች አላውቅም። በየአገሩ ተበትነው የገቡት ሌሎቹስ? ማን መጥቶ ይነግረናል?

ሰኞ ዕለት ጋሽ ሲራክ ከአልጋቸው ለመነሳት ሲሞክሩ ወደቁ። ልጃቸው ጸደንያ ደውላልኝ አብሬ ሆስፒታል ሄድኩ። ሐኪሙ ምን ጠጥተው ነበር ብሎ ሲጠይቃቸው፣ ምስኪን፣ እንዲህ አሉ፤ «ከደምሰው ቤት ሌላ የትም አልጠጣሁም። ንጹሕ ቤት ነው፣ ራሱ ቀምሶ ነው የሚሰጠኝ።» ወደ እኔ እያመለከቱ፣ ልጁም ይችውና ብለው ጨመሩ። የጠቆሙት ግን ግድግዳውን ነው። እኔ የቆምኩት በሌላው ጎን ነበር።

ሐኪሙ ምርመራው ሲመጣ ጸደንያንና እኔን ወደ ውጪ ወስዶ አስረዳን። ለቀለም ማቅጠኛና ለፋብሪካ የሚሆን፣ ለሰው ሆድ ያልተሠራ አልኮል አለ፤ አጭበርባሪ ሰው መጠጥ ውስጥ ይጨምረዋል። በአንዴ ብዙ የጠጣውን ሊገድል ይችላል። ጥቂት ጥቂት የወሰደውን ግን ሳያስታውቅ ይሄድበታል፣ አስቀድሞም ዓይኑን ይይዘዋል አለ። የጠፋውን ብርሃን መመለስ ከባድ ነው፣ የቀረውን ግን ቶሎ ከደረሱበት ማትረፍ ይቻላል አለ። አብሯቸው የሚጠጣ ሰው ካለ ሳይውል ሳያድር አምጡት አለን። ጸደንያ አየችኝ። እኔ ወለሉን አየሁ። ስንወጣ፣ ስለ ጋሽ ደምሰው ስል እስከሚቀጥለው ሳምንት ሐሙስ ዝም እላለሁ፣ ከዚያ በኋላ ግን ውዳሴ፣ እኔም አባት ነው ያለኝ አለችኝ። እውነቷን ነው።

ቤት ገብቼ ለአባዬ አንድም ሳላስቀር ነገርኩት። ሲራክ ድሮም ስኳር አለበት አለ። ሐኪም መቼም መጠጥ ላይ ማሳበብ ይወዳል አለ። በመጨረሻም እኔስ ስቀምሰው አይደል የምውለው፣ መቼ ሞትኩ አለኝ። ሚሳኤል፣ ጉዱ ያለው እዚህ ላይ ነው። አባታችን ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ ይቀለኝ ነበር። መርዝ መሆኑን አውቆ የሚሸጥ ሰው ቀድሞ አይቀምስም። እሱ የቀመሰውና ያልገደለው ነገር ሁሉ ንጹሕ ነው ብሎ ያምናል። አባቱ ያስተማረው ቅምሻ የሚያጋልጠው ግን ወዲያው የሚጥለውን መርዝ ነው፤ ይህን ቀስ ብሎ የሚገባውን አያውቀውም። እኔም ጓዳ ገብቼ በመዳፌ ቀምሼዋለሁ። ይጣፍጣል። ማር ማር ይላል። ምንም የሚያስጠላ ነገር የለውም፣ እሱ ነው ያስፈራኝ።

ከዚያ ዘዴ አሰብኩ። ሌላው ይቅር፣ አንተ ብቻ መቅመሱን ተው ብዬ እግሩ ላይ ወደቅሁ። ካልቀመሰ እንደማይቀዳ አውቃለሁ፣ ለዚያ ነው። አንስቶኝ፣ «ሳልቀምስ ለእንግዳ ልስጥ እንዴ? ምን ዓይነት ሰው ልታደርጊኝ ነው?» አለኝ። እንዲህ በዝግታ ሲናገረኝ ከመቆጣቱ በላይ ፈራሁት። ቅምሻውን ከተወ ጠጁን ጠረጠረ ማለት ነው። ጠጁን ከጠረጠረ ደግሞ የሲራክን ዓይን ያጠፋው እሱ ነው። ይህን ማመን አይችልም፣ ስለዚህ መቅመሱን አይተውም። በቀረችው ብርሃን ላይ እየጨመረ ይቀምስባታል።

ጄሪካኑን መጸዳጃ ቤት ደፋሁት። በማግስቱ ሌላ መጣ፤ አባዬ ዕቃ ቤቱን ቆልፎ ቁልፉን ከክሩ ጋር አንገቱ ላይ አሰረው። እኔም ዝም አላልኩም፣ ታውቀኝ የለ፤ ማንም ሳያየኝ ከቆጣሪው ላይ ቧንቧውን ዘግቼ ውሃ ጠፍቷል፣ ብርሌ የሚታጠብበት የለም ብዬ ጠጅ ቤቱን ዘጋሁት። የላፍቶን ውሃ ስለሚያውቀው አመነኝ። ሐኪሙ ካነጋገረን ጀምሮ፣ ከእኔ ቅምሻ ሌላ፣ እዚህ ቤት የጠጣም የቀመሰም የለም። ግን በሚቀጥለው ሳምንት ሐሙስ የአንተ ትልቁ ቡድን ይመጣል። ኤልያቄም ውሃውን በበርሜል አስመጣለሁ ብሎታል። አባዬ ብርዙን ለመጠጥ ባስቀመጥነው ውሃ በጥብጦ ጨርሷል፤ ትናንት ግድግዳ እየዳበሰ ወደ ዕቃ ቤት ሲሄድ አየሁት። ኮቱንም አስተኮሰኝ። አንገትጌው ላይ እድፍ አለ ስለው፣ የቱ ጋ አለኝ፤ ጠጋ አድርጎ ቢያየውም ሊታየው አልቻለም።

እንግዲህ የምለምንህን ስማኝ። ሐሙስ የሚመጡትን ሰዎች ወደ ሌላ ቦታ ምራቸው፣ ቤታችንንም ካወጣህበት አውርደው። ይሄ ለአንተ ቀላል ነው። እስከ አሁን በእኛ በኩል ያለፉትንም ጻፍላቸው፣ ያመመው ካለ ሐኪም ይየው፤ ማፈሩ ይቅርብን። ከባዱ ለአባዬ መደወሉ ነው። እኔ ለእሱ ጓዳ የምነጫነጭ ልጁ ነኝ፣ ብናገርም ባልናገርም ያው ነው። አንተን ግን ይሰማሃል፣ እንግዶቹም የአንተ ናቸው። አባዬ፣ ለእኔ ስትል ተወው፣ ለእኔ ስትል ሐኪም ቤት ግባ በለው። ለአንተ ሲል የጀመረውን ለአንተ ሲል ይተወዋል። በሞቴ አትቆጣው። ደግሞም መልእክት እንዳትልክለት፣ ማንበቡን እንጃ። ደውልለት። ልመናም ከሆነ ለምነው፣ ማልቀስም ካለብህ አልቅስበት፤ አንተ ስታለቅስ ሆዱ አይችልም።

ካልደወልክ ደግሞ ምን እንደማደርግ ከወዲሁ እወቀው። ሐሙስ ጠዋት እንግዶቹ ሳይደርሱ ፖሊስ ጣቢያ ሄጄ የገዛ አባቴን አስይዘዋለሁ። በእማዬ አጥንት እምልልሃለሁ። የዚያን ጄሪካን ሰውዬም ያኔ ከተደበቀበት ያወጡታል። ሰፈሩ ምን እንደሚለኝ፣ አንተስ ምን እንደምትለኝ አላውቅም። አባዬ ከዚያ በኋላ ስሜን መጥራቱንም አላውቅም። ይህን ከማደርግ ብሞት ደስ ይለኛል፣ ግን አደርገዋለሁ፣ አትጠራጠር። እያወቅሁ የዱለት ሳህን ይዤ በር ላይ ከምቆም፣ ሴት ልጅ አባቷን እንዲህ አደረገች ተብሎ ይወራብኝ።

ለሜሪ ብዙ ብዙ ሰላምታዬን አቅርብልኝ፤ ይህን ደብዳቤ አብራችሁ አንብቡት፣ ከእሷ የሚደበቅ ነገር የለም። ያኤልን ሁለቱንም ጉንጯን ሳምልኝ፣ አክስትሽ አስቀያሚ ናት እንዳትላት። የሜሪን እናት እግርዎን እግዜር ይማረው በልልኝ። እትዬ ገዲሴ ሰላም ብለውሃል፤ ባገኙኝ ቁጥር ልጁ ደህና ነው ወይ ሳይሉ አያልፉም። ጸደንያም ሰላም ትልሃለች፣ ቂም የለባትም፣ እስካሁን። ጋሽ ሲራክ ትናንት ልጠይቃቸው ስሄድ፣ ያ ብስክሌት ሰባሪ መቼ ነው የሚመጣው አሉኝ። በምስጢር እጅ ቋንጣና ሚጥሚጣ ልኬልሃለሁ። ጠጅ አልላክሁም።

እዚህ ድረስ ጽፌ ስሜን ልፈርም ስል አባዬ ወደ በረንዳው መጣ። ለማን ነው የምትጽፊው አለኝ። መዋሸት አቃተኝ፣ ለሚሳኤል አልኩት። እስቲ አለና እጁን ዘረጋ። ሚሳኤል፣ ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ ሰጠሁት። ይየው፣ ይቆጣ፣ ይምታኝና ይውጣለት ብዬ ነው መሰለኝ። መነጽሩን አደረገ። ወደ ፀሐዩ ዞረ። ጽሑፍሽ ዶሮ የጫረው ነው እያለ ከልጅነቴ ጀምሮ መስመር በመስመር ሲያርመኝ የኖረ ሰው፣ ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች አየው፣ ጀርባውንም ገልብጦ አየው፣ ቀጣዩንም እንደዚያው፣ እስከ መጨረሻው። አልተቻኮለም። ከዚያ አስተካክሎ አጠፈውና መለሰልኝ።

«ደህና አድርገሽ ጽፈሻል» አለኝ። «አባዬ ደህና ነው፣ አታስብ ያልሽው ጥሩ ነው። ላኪለት።»

አንተ እስከዚህ አንብበኸዋል፤ እንዲህ የሚል የለበትም።

እህትህ ውዳሴ ደምሰው
ላፍቶ፣ አዲስ አበባ
ጥር 22 ቀን 2018 ዓ.ም.